እሜቴን ምን ነካት?

ደብረ ብርሃን ላይ የበግ ጠጉር የምትፈትል ሴት ሞልታለች። እንደ በሰለች አድርጋ የምትፈትል ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አልነበረችም። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አንድ ጊዜ ሸርተት ካደረገችው ይሾራል፣ ይሾራል፤ እሷ በዚያ መሀል ከጎረቤት ጋር ወሬ ትጀምራለች፣ ወሬውን ትጨርሳለች፣ እንዝርቱ ገና ይሾራል። ከእሷ ክር የተሠራ ባና የደረበ ሰው የጥር ውርጭ ሜዳ ላይ ቢያገኘው እንኳ ጠዋት ተነሥቶ "ኧረ ሞቆኝ ነው ያደርኩት!" ይላል እየተባለ ይወራ ነበር። ወሬውን ያስጀመረችው ራሷ በሰለች ናት የሚሉም ነበሩ። ብትሆንስ? እውነት ነዋ!

ዘመኑም ለፈታይ የተመቸ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር እየለቀቀ ወደ እንጦጦ የሚወጣበት ጊዜ ስለ ነበር፣ በደብረ ብርሃን የማያልፍ በቅሎ፣ የማያድር ጭነት የለም። መንገደኛው ሜዳው ላይ ብቅ ሲል ነፋሱ ይቀበለዋል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ አይደለም፣ ማደሪያም አይደለም፤ "ባና የሚሸጥ ማን ነው?" ነው። ያኔ ጣት ሁሉ ወደ በሰለች ቤት ይቀሰራል።

በሰለች ዕድሜዋ ወደ አርባ ተጠግቷል። ባሏ ኃይለሚካኤል ዘምቶ አልተመለሰም። አልቅሳለች፣ ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ተዝካሩን አውጥታለች፤ ከዚያ ፀጉሯ ሲያድግ ሳቋም አብሮ አደገ። ስትስቅ መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የሚጀምረው፤ ድምፁ ኋላ ይደርሳል። ልጅ አልወለደችም። የቅርብ ዘመድ የምትለው አንድ ታላቅ ወንድሟን ነበር፤ አበባው ይባላል፤ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ገብስ ያርሳል። እናታቸው ስትሞት "እህትህን አደራ" ብላው ነበርና ያንን አደራ እንደ ዘብ ነው የጠበቀው። በሰለች ብታስነጥስ ወንዙን ተሻግሮ መጥቶ "ምን ሆንሽ?" ይላል። ምንም ካልሆነች ደግሞ ቅር ይለዋል።

የዚያ ቤት እውነተኛ እመቤት ግን በሰለች አይደለችም። ድመቷ ነበረች። ስሟም እሜቴ። ስሙን ማንም አስቦ አላወጣላትም፤ ገና ስትታይ ከአፍ የሚወጣ ስም ነው። አመድማ ናት፤ አንገቷ ላይ ያለችው ነጭ መስመር ማተብ ያሰረች ታስመስላታለች። የበግ ጠጉሩ ስልቻ ላይ ጉብ ብላ፣ ጅራቷን እግሯ ላይ ጠምጥማ ስትቀመጥ፣ ግብር የምታበላ የባላባት ሚስት ነው የምትመስለው። በዚያ ስልቻ አጠገብ አይጥ አያልፍም። ሰው ሲገባ ቀና ብላ ከእግሩ እስከ ራሱ ታየዋለች፤ ከዚያ ዓይኗን ትጨፍናለች። የጎረቤቷ የእማማ እናናየሁ ትርጉም "'ይግባ፤ ግን እንዳያስቸግረኝ' ማለቷ ነው" የሚል ነበር። የሚዳስሳት ሰው የለም። ለበሰለች እንኳ ብርድ ሲጠና ብቻ፣ ያውም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ እግሯ ሥር ትተኛላታለች። አበባውማ ለዓመታት ሥጋ እያቀረበ ለምኗታል። ሥጋውን ትበላለች፤ እጁን ትታዘበዋለች።

እንግዲህ ወደዚህ ቤት ነው ደብተራ ወልደአረጋይ የመጣው።

ወልደአረጋይ የአንኮበር ሰው ነው፤ በደብሩ ሊያገለግል ከመጣ ገና ክረምት አላለፈውም። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፤ ማሕሌት ላይ ሲቆም ድምፁ ጣራውን ያነሣዋል። ሴት ፊት ሲቆም ግን ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሚገባ አይታወቅም። መጀመሪያ የመጣው ባና ለመግዛት ነው። ገዛ። ሌላ ቀን "ጠርዙ ተተረተረ" ብሎ መጣና ባናውን ትቶላት ሄደ፤ ጠርዙ ምንም አልሆነም። ሌላ ቀን ለአጎቱ አንድ ሊገዛ መጣ። ከዚያ በኋላ ለማን እንደሆነ ሳይናገር መጣ።

"ልጄ" አሉ እማማ እናናየሁ ደጃፉ ላይ እንደ ተቀመጡ፣ ሰውየው ገና ሳይርቅ፣ "ሰው ያለው ጀርባ አንድ ነው። ስንት ባና ሊደርብበት ነው?"

"ኧረ ይሰማዎታል፣ እማማ!"

"ይስማ! ሰምቶ ቢናገር አይደል የሚሻለው!"

የበሰለች ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልብ በሉ፣ በዚያ ሰሞን በዚህች ሴት ላይ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ደርሶ ነበር። ክሯ ይበጠስ ጀመር! እንዝርቱ እየሾረ ሳለ የሰውየው ድምፅ ትዝ ይላታል፣ ጣቷ ሥራውን ይረሳል፣ ብጥስ! ትቀጥለዋለች፤ ብጥስ! እሜቴ ግን ለደብተራው ደንታም አልነበራት። ሲገባ ታየዋለች፣ ትጨፍናለች፣ አበቃ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወልደአረጋይ አጎቱን ሊጠይቅ ወደ አንኮበር ወረደ። ከመውረዱ በፊት እንደ ምንም ብሎ ድምፁን ፈልጎ አገኘና፣ ምሰሶውን እያየ፣ "ስመለስ... ወንድምዎን... ባነጋግርስ?" አለ።

በሰለችም ምሰሶውን እያየች "ያነጋግሩ" አለች።

ምሰሶው ምስክር ሆነ።

ሲመለስ ቀኑ ብራ ነበር። አበባው አዲስ አማች እንደሚጠብቅ ሰው መደቡ ላይ ተኮፍሶ ጠላውን ይጠጣል። እማማ እናናየሁ "እሳት ልጫር" ብለው ገብተው ነበር፤ የጫሩት ፍም በገል ላይ አመድ እስኪሆን ድረስ አልወጡም። ደብተራው ነጠላውን አጣፍቶ፣ አዲስ መቋሚያ ይዞ ከበሩ ጎንበስ ብሎ ገባ። ያ መቋሚያ! አጎቱ ከአንኮበር ጫካ ርጥብ ወይራ ቆርጦ፣ ልጦ፣ አለስልሶ፣ "ትዳር የሚይዝ ሰው በተሰነጠቀ መቋሚያ አይቆምም" ብሎ ያስያዘው ነው።

"ደህና ዋላችሁ" አለ።

እሜቴ ቀና አለች። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። አሁን ዓይኗን ትጨፍናለች ሲባል አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። ከስልቻው ወረደች። ለሰው ብላ ከስልቻ የወረደችበት ቀን የለም! ቀስ ብላ ሄደች፤ ደብተራው እግር አጠገብ ደረሰች፤ ጉንጯን መቋሚያው ላይ አሸች፤ ደገመች፤ ደጋገመች። ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። ከዚያ፣ አያሳያችሁ፣ ያቺ ኩሩ፣ ያቺ ጨዋ፣ ጀርባዋ ላይ ዘፍ ብላ ወደቀች! አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተንከባለለች፤ የደብተራውን ቁርጭምጭሚት ከመቋሚያው ጋር አንድ ላይ አቀፈች፤ ተነሥታ ዘለለች፤ እንደገና ወደቀች።

የአበባው ዋንጫ አፉ ሳይደርስ ቀረ።

"ምን አደረግሃት?" አለ አበባው።

"እኔ? ... ደህና ዋላችሁ ነው ያልኩ።"

"እኔ ለዚህች ድመት ስንት ዘመን ሥጋ አቅርቤያለሁ! ጅራቷን እንኳ አስነክታኝ አታውቅም! አንተ ደህና ዋላችሁ ብለህ መሬት ላይ ታነጥፋታለህ?"

"ጋሼ፣ ቀስ በል" አለች በሰለች።

"ምን ቀስ የሚባል ነገር አለ! ደብተራ ነው! ደግሞባታል! ድግምቱን በድመት ሞክሮ ነው ወደ አንቺ የሚመጣው። ዛሬ ድመቷ፤ ነገ እንዲህ እግሩ ሥር የምትንከባለይው አንቺ ነሽ!"

"እሷስ ሳይደገምባትም..." ብለው ጀመሩ እማማ እናናየሁ። በሰለች በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው።

ደብተራው ላብ በላብ ሆኗል። እግሩን ለማላቀቅ ወደ ኋላ ባለ ቁጥር እሜቴ ትከተለዋለች። "በሥላሴ ስም እምላለሁ፣ አልደገምኩም! ለድመት የሚደገም መኖሩንም ዛሬ ገና መስማቴ ነው!"

አበባው ብድግ አለ። ዋንጫውን መደቡ ላይ አስቀመጠና ወደ እህቱ ዞረ። "እንግዲህ ስሚኝ። ለዚህ ሰውዬ ዋስ አልሆንሽም!"

ይህቺ ቃል ቀላል አልነበረችም። በሰማንያ የሚጋቡ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ በሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል፤ ዋስ የሌላት ሴት ውሏ አይታሰርም። በሰለች ደግሞ ከአበባው ሌላ የምትጠራው ሰው አልነበራትም። ቢኖራትም አትጠራም ነበር፤ እናቷ አደራ ያለችው እሱን ነው። ሽማግሌዎቹ ለመጪው እሑድ ተቀጥረዋል። የወልደአረጋይ አጎት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ እንጦጦ ሊወጣ ነው፤ ወልደአረጋይም "እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር ካጣሁ አብሬው መውጣቴ ነው" ማለቱን በሰለች ሰምታለች። ነገሩ ሁሉ እሑድ ላይ ተንጠለጠለ፤ እሑድ ደግሞ አበባው አፍ ላይ።

ደብተራው እጅ ነሥቶ ወጣ። ከድንጋጤው የተነሣ መቋሚያውን በሩ አጠገብ ረስቶት ሄደ፤ ባዶ እግሩን ባይሆን ጫማውንም ይረሳ ነበር። አበባው እያጉረመረመ ወደ ወንዙ ወረደ። እማማ እናናየሁም እሳት ሊጭሩ መግባታቸውን ረስተው አመድ የቀረበትን ገል እንደ ያዙ ወሬውን ለመንደሩ ሊያደርሱ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ መሮጥ መቻላቸው ራሱ ይገርማል።

በሰለች ብቻዋን ቀረች። እንዝርቷን አነሣች። ብጥስ!

ክሩን እየቀጠለች አሰበች። እውነት ቢሆንስ? ይኸው ክሯ ይበጠሳል፤ ይኸው እርምጃውን ከሩቅ ስትሰማ ልቧ ይዘላል። ጤነኛ ሰው እንዲህ ይሆናል? ደግሞባት ቢሆንስ?

ወደ ድመቷ ዞር አለች። "አንቺ፣ የሚያደርግሽ ምንድን ነው? እስቲ ንገሪኝ፤ የእኔም ያው ሳይሆን አይቀርም።"

እሜቴ አልሰማቻትም። መቋሚያው ግድግዳውን ለቆ ወድቋል፤ እሷ በፊት እግሯ አቅፋው፣ በኋላ እግሯ እየደበደበች ትነክሰዋለች። ደብተራው የለም። ሄዷል፤ ይህን ጊዜ መንገዱን አጋምሷል። እሜቴ ግን አልተከተለችውም፤ በሩን እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

በሰለች እንዝርቷን አስቀመጠች። የወደዱት ሰው ሲሄድ ዓይን አብሮት ይሄዳል፤ ይህን ከራሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ይቺ ግን ሰውየው ኖረ አልኖረ ጉዳይዋም አይደለም!

"አንቺ ጉደኛ! እሱን አይደለም እኮ!"

ተነሣች። ደብተራው "ጠርዙ ተተረተረ" ብሎ ትቶት የሄደውን ባና ከጓዳ አምጥታ ድመቷ ፊት ዘረጋችው። እሱ ሲደርበው የከረመ፣ የሰውነቱ ሽታ ያለበት ባና ነው። እሜቴ ረግጣው አለፈች። መቋሚያውን ወስዳ ከጎታው ኋላ ደበቀችው፤ እሜቴ ጎታውን ዞረች። ቆጡ ላይ ሰቀለችው፤ እሜቴ ቆጡ ሥር ተቀምጣ እንደ ተሳላሚ አንጋጣ ቀረች። አወረደችውና ራሷ አሸተተችው። ምን ይሸታል? ወይራ ነዋ! ምንም ሌላ የለውም።

ታዲያ ወይራማ በዚህ ቤት መቼ ጠፍቶ ያውቃል? የወተት ቅሉንና የጠላ ጋኑን የምታጥንበት ወይራ ከምድጃው በላይ ተሰክቷል። ያንን አውርዳ አቀረበችላት። ዓመት የጢስ ሲሳይ ሆኖ የከረመ፣ ጥላሸት የጠገበ፣ የደረቀ ነው። እሜቴ አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች። በሰለች ቢላ አመጣች፤ ከመቋሚያው ግርጌ፣ እንዳያስታውቅ አድርጋ፣ ትንሽ ፋቀች። ከውስጥ ርጥብ ነው። ፍቅፋቂውን መሬቱ ላይ በተነችው።

እሜቴ ወደቀችበት! ተንከባለለችበት! ፊቷን ቀበረችበት!

የበሰለች ትከሻ ጀመረ። ከዚያ ድምፁ ደረሰ። መደቡን ይዛ ሳቀች፣ ምሰሶውን ይዛ ሳቀች፣ በመጨረሻ የሚያዝ ነገር አጥታ ከድመቷ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች። "ሰክራለች! ኧረ በሥላሴ! እሜቴ በርጥብ ወይራ ሰክራለች!"

እንባዋን ስትጠርግ ሌላም ነገር በራላት። የእሷ ክር መበጠስ የጀመረው ይህ መቋሚያ ገና አንኮበር ላይ ዛፍ ሳለ ነው። ስለዚህ የእሷ በሽታ የእሷው ነው። የማንም ድግምት የለበትም። ደስታዋን የምትነግረው ሰው አጣችና ለድመቷ ነገረቻት፤ ድመቷ ግን በዚያ ሰዓት ሰው የምትሰማ አልነበረችም።

በማግስቱ ወንዙን ተሻግራ ለወንድሟ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳችው። አበባው በጥሞና አዳመጣት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በሰለች ልቧ ሞቀ።

"እኮ!" አለ አበባው። "መቋሚያው ላይ ነዋ የደገመው! ደብተራ በምን ሊደግም ኖሯል? በማረሻ?"

"ጋሼ፣ ወይራው ነው እኮ የምልህ!"

"የሱ ወይራ ነው። እሱ የያዘው ወይራ ነው። አለቀ።"

ስትመለስ ወንዙ መሀል ድንጋይ ላይ ቆመች፤ ውሃው ባቷን እየመታት ቆማ አሰበች። የሱ ወይራ። እሱ የያዘው። እንግዲያው እሱ ያልያዘው፣ አይቶትም የማያውቅ ወይራ ቢሆንስ? ደግሞስ ያንን ወይራ የያዘው... ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ወንዝ መሀል ብቻዋን ቆማ የምትስቅ ሴት ያየ መንገደኛ አማተበና መሻገሪያውን ለወጠ።

ቅዳሜ ገበያ ቆመ። ከአንኮበር በኩል የመጡ ሴቶች የማጠኛ ወይራ በእቅፍ በእቅፍ ዘርግተዋል። በሰለች ጎንበስ እያለች እያንዳንዱን ታሸት ጀመር።

"እቴ፣ ልታጥኚበት ነው ወይስ ልትበይው?" አለች አንዷ ነጋዴ።

"ርጥቡን ነው የምፈልግ። ትናንት የተቆረጠ።"

"ርጥብ ወይራ ምን ያደርግልሻል? አይጤስልሽም!"

"ለድመቴ ነው።"

"ለማን?"

"ለድመቴ!"

ሴትዮዋ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። "የደጋ ሰው ድመቱንም ያጥናል እንዴ?"

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። እሜቴን ጓዳ አስገባች። ወይራውን በቢላ ፋቀች፣ ደቀቅ አደረገች፣ ከቤቷ ካለው ሁሉ ወፍራሙን ባና አወጣች፤ ለሰው የማይሸጥ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ነው። ጠርዙን አጠፈች፤ በእጥፋቱ ውስጥ ዙሪያውን ፍቅፋቂውን ሞልታ ሰፋችው። ስትሰፋ ክሩ አንድ ጊዜም አልተበጠሰም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፊታውራሪያቸው የበሰለች የነፍስ አባት አባ ገብረ ሕይወት ናቸው፤ ሲስቁ ያያቸው ሰው የለም፤ ጥርሳቸው ይኑር አይኑር ደብሩ ሁሉ ይከራከርበታል። ወልደአረጋይ በሩ አጠገብ፣ ባዶ እጁን፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። መቋሚያው በሰለች ባዘዘችው መሠረት እማማ እናናየሁ ቤት ተቆልፎበታል። እማማ እናናየሁ ግን አልተቆለፈባቸውም፤ ከሁሉ ቀድመው ገብተው ጥሩውን ቦታ ይዘዋል።

አበባው በመጨረሻ ገባ። ከንዴቱ የተነሣ ኩታ ብቻ ጣል አድርጎ ወንዙን ተሻግሯል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል።

በሰለች ባናውን ዘርግታ ተቀበለችው። "ጋሼ፣ ይህን ደርብ።"

"ሐሳቤን አታስለውጪኝም።"

"እምቢ ለማለትም ሙቀት ያስፈልጋል።"

በዚህስ አልተከራከረም። ደረበ። ከአንገቱ እስከ እግሩ ተጠቀለለ። እውነትም ሞቀው።

"እንግዲህ አባቶቼ" ብሎ ጀመረ አበባው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እኔ ለእህቴ ክፉ አልመኝም። ነገር ግን ይህ ሰው ደጋሚ ነው። በዚህች ቤት፣ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ፣ ድመት አስግዷል! እማማ እናናየሁ ምስክሬ ናቸው።"

"ሰግዳለች" አሉ እማማ እናናየሁ። "በጀርባዋ።"

"አያችሁ! ንጹሕ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል? አይደርስም! ድመት ዝም ብላ..."

በሰለች የጓዳውን መጋረጃ ገለጠች።

እሜቴ ወጣች። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ መሀል ቤት ቆመች። ሰው ሁሉ ወደ ደብተራው አየ። ደብተራው እግሩን ሰብስቦ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ። እሜቴ ወደ እሱ ሄደች፤ ደረሰች፤ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ዓይኗን ጨፈነች። አልፋው ሄደች!

አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። ዞረች። አበባውን አየች።

"ምን... ምን ፈልጋ ነው?" አለ አበባው።

ጉንጯን ባናው ጠርዝ ላይ አሸች። ደገመች። ከዚያ ዘፍ! እግሩ ሥር ተንከባለለች፤ ተነሣች፤ በባናው ላይ ወደ ጉልበቱ ወጣች፤ ከጉልበቱ ወደ ደረቱ፤ ከደረቱ ወደ ትከሻው! አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና ለሃጯን ጢሙ ላይ አንጠባጠበች።

አባ ገብረ ሕይወት መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"አቶ አበባው" አሉ በዝግታ፣ "አንተ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትደግመው?"

"እኔ? አባቴ! እኔ ፊደል እንኳ አልቆጠርኩም!"

"የሚያስፈራውስ እንዲህ ያለው ነው። ሳይማር የቻለ።"

በሰለች ትከሻዋን መያዝ አቃታት። እማማ እናናየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ። ከዚያ አንድ እንግዳ ድምፅ ተሰማ፤ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያይ የሚስቁት አባ ገብረ ሕይወት ናቸው። ጥምጥማቸው ዘመም ብሏል። ጥርስ ነበራቸው!

አበባው ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣም። እጁ ቀስ ብሎ ከባናው ውስጥ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያልተፈቀደለትን ጀርባ በጣቱ ጫፍ ነካው። እሜቴ ጀርባዋን ወደ መዳፉ ገፋችለት። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አትሳቁ" አለ በሹክሹክታ፣ "ትደነግጥብኛለች።"

በሰለች ቀርባ የባናውን ጠርዝ ተረተረችው። የወይራው ፍቅፋቂ መሬቱ ላይ ፈሰሰ። "ይኸው ጋሼ። ከገበያ ነው የገዛሁት፤ እሱ አላየውም፣ አልነካውም። ርጥብ ወይራ ያሰክራታል፤ ሌላ ምንም የለም።"

አበባው ፍቅፋቂውን አየ፣ ድመቷን አየ፣ እህቱን አየ። "በእኔ ላይ ነው የደገስሽው?"

"ድግሱ ለእሷ ነው። አንተ ዋንጫው ነህ።"

አበባው ራሱን ነቀነቀ። እጁን ከድመቷ ሳያነሣ፣ እንደ ልጅ በቀጠነ ድምፅ ተናገረ። "እንግዲያው እውነቱን ልንገራችሁ። ድግምቱንም እንጃ... ይህ ሰው ወደ እንጦጦ ይዟት ይወጣል ብዬ ነው። ከወጣች በኋላ እኔ ወንዙን ተሻግሬ ማንን ምን ሆንሽ ልበል?"

በሰለች መሳቋን ተወች። ያኔ ነው የደብተራው ድምፅ የመጣው። ሴት ፊት ስትጠፋ የኖረችው ድምፅ፣ የማሕሌቷ፣ ጣራ የምታነሣው፣ ሙሉዋን መጣች።

"አልወጣም! እዚሁ ነኝ!"

እማማ እናናየሁ ከመቀመጫቸው ዘለሉ። ከጣራው ጥላሸት ረገፈ። እሜቴ በስካሯ ላይ እንዳለች ጥፍሯን አበባው ትከሻ ላይ ተከለች።

"ኧረ ሰምተናል!" አለ አበባው ፊቱን እያጨማደደ። "ሰምተናል፣ ወንድሜ! አባቶቼ፣ ዋስ ነኝ። ጻፉት፣ ማሉበት፣ እንደ ፈለጋችሁ አድርጉት፤ ብቻ ይህ ሰው እንደገና እንዳይጮህ።"

ውሉ በዚያው ታሰረ። ጠላው ወጣ። እማማ እናናየሁ እልል ሲሉ ከወንዙ ማዶ ተሰማ ይባላል፤ ይህን ያሉትም ራሳቸው ናቸው።

ወልደአረጋይ ከዚያ ወዲያ መቋሚያውን ቤት ይዞ አይገባም፤ ከደጅ፣ ጣራው ሥር ይሰቅለዋል። ቢሆንም ግርጌው ላይ የጥርስ ምልክት አለበት፤ ማሕሌት ላይ ሲያነሣው አንዳንድ ጊዜ አመድማ ጠጉር ብን ይላል፤ አጠገቡ የሚቆሙት ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። የበሰለች ክር መበጠሱን ተወ። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ሰውየው በደጅ ሲያዜም፣ ብጥስ ይላል።

ከሠርጉ በኋላ በአንድ ነፋሻ ቀን አበባው ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ያንን ባና ደርቧል። ማንም አላስነጠሰም፤ ማንም አልጠራውም።

"ምነው ጋሼ፣ ደህና?"

"ደህና። እንዲያው በዚህ ሳልፍ... የጋን ማጠኛ አንሶሽ ይሆናል ብዬ ነው" አለና ከባናው ውስጥ ቅጠሉ ያልረገፈ፣ ገና የተቆረጠ የወይራ ዝንጣፊ አወጣ።

"ርጥብ እኮ ነው ጋሼ፤ አይጤስም።"

"አይጤስም?" አለ አበባው፣ እህቱን ሳያይ፣ ምሰሶውን እያየ። "እንግዲያው ምን ይደረግ፤ አንዴ አምጥቼዋለሁ።"

መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ዝንጣፊውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፤ ምንም እንደማይጠብቅ ሰው ወደ ውጭ ተመለከተ። ስልቻው ላይ እሜቴ ቀና አለች።